የአያት ቤት በእንግሊዝኛ ደብተር ላይ

ትምህርት ቤት ከተከፈተ ጥቂት ሳምንታት ሲያልፉ በየቤቱ ከሚሰሙት ጥያቄዎች አንዱ «እማዬ፣ ምሰሶ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?» የሚለው ነው። ጥያቄው የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በማይመች ሰዓት ነው። እናት ከሥራ ገብታ ነጠላዋን ሳታስቀምጥ፣ ወጡም ገና ሳይጣድ ልጅ ደብተሩን ዘርግቶ ይጠብቃታል። የእንግሊዝኛው መምህር «አንድ የባህል ቤት ግለጹ» ወይም «ጎብኚ ከሚሄድባቸው ስፍራዎች አንዱን ግለጹ» ብለው የቤት ሥራ ሰጥተዋል። ማስረከቢያውም ነገ ነው።

ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ በመደረጉ፣ ይህን የመሰለው የቤት ሥራ ወደ ቤታችን የሚገባው ልጆቹ ገና በለጋነታቸው ነው። በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ሌላው ትምህርት የሚሰጠው በዚሁ ቋንቋ ስለሆነ፣ አንድን ነገር አይቶና ለይቶ በእንግሊዝኛ መግለጽ ያልለመደ ልጅ በባዮሎጂውም በጂኦግራፊውም መቸገሩ አይቀርም። ስለዚህ ነገሩን የአንድ ማታ ጣጣ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም።

አያሌ እናቶች በዚህ ጊዜ «እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም፤ ወንድምህን ጠይቀው» ይላሉ። ወንድምየውም ባለፈው ዓመት የጻፈውን አንቀጽ ያወጣለታል። ያም ቢሆን ከሌላ ልጅ የተቀዳ ነው። «ዜር አር ሜኒ ቱሪስት ፕሌስስ ኢን ማይ ካንትሪ። ዜይ አር ቬሪ ናይስ ኤንድ ቢዩቲፉል» ይላል። በአገሬ ብዙ የጉብኝት ቦታዎች አሉ፣ እጅግ ጥሩና ቆንጆ ናቸው ማለት ነው። ልጁ ይገለብጠዋል፣ መምህሩ ያርሙታል፣ ማርክም ይገኝበታል። ይሁንና ይህ ዐረፍተ ነገር ስለ ላሊበላ ቢጻፍ፣ ስለ ሐረር ቢጻፍ፣ ስለ ሌላ አገር ከተማም ቢጻፍ ያው ነው። ያነበበው ሰው አንዳች ነገር በዓይነ ኅሊናው አያይም።

በእኛ አስተያየት እዚህ ላይ የጎደለው እንግሊዝኛው ብቻ አይደለም። ልጁ «ቢዩቲፉል» የሚለው የሚናገረው ነገር ስላጣ ነው። የሚናገረውን ነገር የምታውቀው ደግሞ «እኔ አላውቅም» ያለችው እናት ናት። ቤት ከምን እንደሚሠራ፣ ጭቃ እንዴት እንደሚቦካ፣ ግድግዳ በምን እንደሚለቀለቅ፣ ጎታ የት እንደሚቀመጥ በአገራችን ገጠር ከሴት ይልቅ የሚያውቅ ማን አለ? ምሰሶውን የሚያቆመው ወንድ ቢሆንም፣ ቤቱን ቤት የምታደርገው ሴት ናት። ከተማ የገባችውም እናት ብትሆን ይህን ከእናቷ ያየችው ወይም የሰማችው ነው።

አንዲት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ እንዲህ ያለ የቤት ሥራ ይዛ የመጣችባትን የስድስተኛ ክፍል ልጇን እንዴት እንደረዳቻት አጫውታናለች። ወይዘሮዋ በእንግሊዝኛ የምታውቀው ሰላምታ ብቻ ነው። ልጅቱን አስቀምጣ በአማርኛ ጠየቀቻት፦ «የአያትሽ ቤት ከምን ተሠራ? ዝናብ ሲጥል ውሃው ወዴት ይሄዳል? ማን የት ይተኛል? ጭሱስ በየት ይወጣል?» ልጅቱ አያቷ ዘንድ ሁለት ክረምት ከርማ መጥታ ሳለ የመጨረሻውን ጥያቄ መመለስ አቃታት። ስልክ ተደወለ።

«እማማ፣ የቤትዎ ጭስ በየት ነው የሚወጣው?»

«በየትስ ይወጣል ልጄ! በክዳኑ ሣር ውስጥ ሾልኮ ነው እንጂ። ሣሩን ነቀዝ እንዳይበላው የሚጠብቀው ማን ሆነና? ጭሱ አይደለም እንዴ!» አሉ አያት። ቀጥለውም «ደግሞ ለምን ጠየቅሽኝ? ለትምህርት ቤት ከሆነ የድሃ ቤት አስመስለሽ እንዳትጽፊው» ብለው አስጠነቀቁ።

ልጅቱ በዚያ ምሽት የጻፈችው ስምንት መስመር ብቻ ነው። ሰዋስዉም ሁለት ሦስት ቦታ ተሰብሯል። ነገር ግን «የአያቴ ቤት የጭስ ማውጫ የለውም፤ ጭሱ በሣሩ ውስጥ ያልፋል፤ ሣሩንም ከነፍሳት ይጠብቃል» የሚለውን የክፍል ጓደኞቿ አንዳቸውም አልጻፉትም።

የአያትየው ማስጠንቀቂያ እንዲያው የመጣ አይደለም። መዝገበ ቃላት ሲገለጥ «ጐጆ» ለሚለው የሚገኘው ትርጉም «ሀት» የሚል ነው። «ሀት» ለእንግሊዝኛ ተናጋሪው ትንሽ፣ ተርታ፣ ብዙ ጊዜም ለጊዜው የቆመ መጠለያ ነው። ልጁ ይህን ቃል ሲጽፍ የአያቱን ቤት ሳያስበው ዝቅ ያደርገዋል። ይህን ደጋግሞ የጻፈ ልጅ ለበዓል አገር ቤት ሲወሰድ «እዚያ ጐጆ ውስጥ አላድርም» ቢል ሊያስደንቀን አይገባም። በእኛ ቋንቋ ጐጆ ሌላ ነው። «ጐጆ ወጡ» ስንል ተጋቡ፣ ትዳር መሠረቱ፣ ራሳቸውን ቻሉ ማለታችን ነው። ይህ ሁሉ በ«ሀት» ውስጥ የለም። የውጭ አገር ሰዎች «ቱኩል» የሚሉትም ቢሆን እኛ ለእናታችን ቤት የምንጠቀምበት ቃል አይደለም።

ታዲያ ምን ይጻፍ? እንጀራን በእንግሊዝኛ ስንጽፍ እንጀራ ብለን ነው፤ ከዚያ ምን እንደሆነ እናስረዳለን። ጐጆም ጐጆ ተብሎ ይጻፍና «ኤ ራውንድ ሀውስ ዊዝ ኤ ታችድ ሩፍ»፣ ማለትም የሣር ክዳን ያለው ክብ ቤት ተብሎ ይፈታ። የትግራዩ ህድሞም እንዲሁ። ህድሞ ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያውም ጠፍጣፋ ሆኖ በእንጨቱ ላይ ድንጋይና አፈር የተደለደለበት ቤት ነው። ይህን «ሀት» ብሎ መተርጐም ፍጹም ስሕተት ነው። ምሰሶ ግን በእንግሊዝኛ «ፒላር» ወይም «ፖስት» ቢባል የሚጎድለው ነገር የለም። ስም የሆነውን ማቆየት፣ ተራ ዕቃ የሆነውን መተርጐም ነው። «ቤት» የሚለውም ቃል ልጆችን ያሳስታል። ወጥ ቤት፣ ሻይ ቤት፣ ትምህርት ቤት እያልን ያደግን ስለሆንን፣ ወጥ ቤትን የወጥ «ሀውስ» ብሎ የጻፈ ልጅ አይሳቅበት፤ «ኪችን» እንደሚባል ይነገረው።

እዚህ ላይ ስለ ሰዋስው ጥቂት እንጨምር። እናት እንግሊዝኛ ባታውቅም አማርኛው ልጇን የት ላይ እንደሚያደናቅፈው ብታውቅ ይጠቅማታል። ዋናው መሰናክል «አለ» የሚለው ግሥ ነው። በአማርኛ «በቤቱ ውስጥ ምሰሶ አለ» እና «ቤቱ ምሰሶ አለው» ስንል ግሡ አንድ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ለመጀመሪያው «ዜር ኢዝ»፣ ለሁለተኛው «ሀዝ» ያስፈልጋል። ልጆች ሁለቱን ይቀላቅላሉ። ሁለተኛው «በ» ነው። «በጭቃ ተሠራ» የሚለውን ልጁ ቃል በቃል ሲያዞረው «ባይ» ብሎ ይጽፋል። እንዲህ ከሆነ ቤቱን የሠራው ጭቃው ራሱ ነው ማለት ይሆናል። ከምን እንደተሠራ ሲነገር «ኦቭ» ነው፤ ማን እንደሠራው ሲነገር «ባይ» ነው። የቅጽሎቹ ነገር ግን ቀላል ነው። «ትልቅ አሮጌ ክብ የድንጋይ ቤት» ብለን በአማርኛ የምንደረድረው፣ መጠኑ ቀድሞ የተሠራበት ነገር ከስሙ አጠገብ ሲሆን፣ በእንግሊዝኛም ከሞላ ጐደል ያው ነው። ልጁ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል።

ወደ ጉብኝት ስፍራዎቹ እንለፍ። ልጆቻችን ስማቸውን በቃላቸው ያውቃሉ። ላሊበላና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች መካከል ሁለቱ መሆናቸውን፣ በተከታዩ ዓመት የጎንደር ፋሲል ግቢ፣ በ1980 ደግሞ አክሱም መመዝገባቸውን የሚዘረዝር ተማሪ አይጠፋም። ችግሩ ዝርዝር መግለጫ አለመሆኑ ነው።

ላሊበላን እንውሰድ። አብዛኛው ልጅ «ቤተ ክርስቲያኖቹ በድንጋይ ተሠሩ» ብሎ «ቢልት» የሚለውን ግሥ ይጽፋል። ሰዋስዉ ትክክል ነው፤ ነገሩ ግን ስሕተት ነው። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ አልተሠሩም፤ ከአለቱ ተፈልፍለው ወጡ እንጂ። ቤተ ጊዮርጊስን የፈለፈሉት ሰዎች ከጣሪያው ጀምረው ወደ መሠረቱ ወረዱ። የቤት ሥራ ሁሉ ከመሠረት ወደ ጣሪያ ሲሄድ ይህኛው የተገላቢጦሽ ነው። «ካርቭድ» የሚለው አንድ ቃል ይህን ሁሉ ይናገራል። በዚያው ከተማ፣ ጎብኚው ብዙ ሳያስተውለው የሚያልፈው ሌላ ነገር አለ። የላስታ ሰዎች ከድንጋይና ከጭቃ የሚሠሩት ክብ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ነው። ጐጆ ሁሉ ባለ አንድ ፎቅ የሚመስለው ልጅ ይህን ቢያውቅ ይጠቀማል።

የአክሱምን ሐውልት ልጆች «ረጅም ድንጋይ» ብለው ይገልጹታል። ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ግን የሚያየው ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 የኢጣሊያ ወራሪዎች ወደ ሮም የወሰዱት፣ በ2005 ተመልሶ በ2008 እንደገና የቆመው ሐውልት ቁመቱ 24 ሜትር ያህል ነው። ከግርጌው የተዘጋ በር፣ ከዚያ በላይ በየደርቡ መስኮቶች ተቀርጸውበታል። በየደርቡ መካከል ጉጥ ጉጥ ብለው የወጡት ክብ ነገሮች በዚያን ዘመን ቤት ሲሠራ ከግድግዳው ወጣ ብለው ይታዩ የነበሩት የእንጨት ጫፎች አምሳል ናቸው። ድንጋይና እንጨት እያፈራረቁ የመሥራቱ ጥበብ በይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም በዓይን ይታያል። በደብረ ዳሞም አለ፤ እዚያ ግን ሴት ስለማትገባ እኛ ሴቶች በፎቶግራፍ ነው የምናየው። እንግዲህ የባህል ቤትና የቱሪስት ስፍራ በደብተሩ ላይ ሁለት የተለያዩ አርእስት ቢሆኑም፣ በአክሱም አንድ ናቸው።

ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው ደጋ ያለው የዶርዜ ቤት ለመግለጽ ከሁሉ የተመቸ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ዶርዜዎች በሽመና የታወቁ ናቸው፤ ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል። ቤታቸውንም ከቀርከሃ ልክ እንደ ጥበብ ይሸምኑታል። እዚህ ላይ ግሡ «ዎቭን» ነው። ላሊበላ ተፈለፈለ፣ ጎንደር ተገነባ፣ የዶርዜ ቤት ተሸመነ። ሦስት ግሥ፣ ሦስት ዓይነት ጥበብ። አዲስ የተሠራ የዶርዜ ቤት እስከ 12 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ከፊት ወጣ ያለው የመግቢያው ክፍል ከላይ ካሉት ሁለት ቀዳዳዎች ጋር ተዳምሮ የዝሆን ፊት ያስመስለዋል። ምስጥ ከታች ሲበላው የተበላው ይቆረጥና ቤቱ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ረጅሙ ቤት ወጣት፣ አጭሩ ቤት ሽማግሌ ነው። ቤቱን ከሥሩ አላቅቀው ብዙ ሰዎች ተሸክመው ወደ ሌላ ቦታ የሚያዛውሩበት ጊዜም አለ። ይህን ለአንድ የአሥር ዓመት ልጅ በአማርኛ ንገሩትና በእንግሊዝኛ ለመጻፍ ይቸኩል እንደሆነ ተመልከቱ።

የሐረር ቤት ደግሞ የሚገለጸው ከውስጥ ነው። ከጀጎል ግንብ ውስጥ ባለው የአደሬ ቤት ዋናው ክፍል ወለሉ አንድ አይደለም፤ ከፍና ዝቅ ባሉ ነደባ በሚባሉ መደቦች የተከፋፈለ ነው። ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። አሚር ነደባ የሚባለው የአባወራው ወይም የታላቅ ሰው ቦታ ነው። ግድግዳው ሴቶቹ በሰፏቸው ሰፌዶችና ሙዳዮች ይሸፈናል። ወለሉ ቀይ የሚቀባው እ.ኤ.አ. በ1887 በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ እንደሆነ ይነገራል። ኪርታት የምትባለው ትንሽ ክፍል ደግሞ የሙሽሮች ናት። እንዲህ ያለውን ቤት ለመግለጽ «ኦን»፣ «አንደር»፣ «ኒር»፣ «አቭ» የሚሉትን ጥቃቅን ቃላት ማወቅ ግድ ነው። መምህራን እነዚህን መስተዋድዶች በወንበርና በጠረጴዛ ከሚያስተምሩ ይልቅ በሐረር ቤት ቢያስተምሩ ምን ይጎዳል? በእርግጥ ስድሳ ልጅ ባለበት ክፍል መምህሩን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይሆንም።

ስለ ኮንሶ ብዙ አንልም። እ.ኤ.አ. በ2011 የተመዘገበው እርከኑና በድንጋይ ግንብ የታጠረው መንደሩ ነው። «ሞራ» የተባለው የጋራ ቤት ግን ይነሣ። ወጣቶቹ እዚያ የሚያድሩት እሳት ቢነሣ ወይም ጠላት ቢመጣ በአንድነት ፈጥነው እንዲደርሱ ነው። ቤት ለምን እንደተሠራ የሚናገር ምክንያት ከቅርጹ ይልቅ ልብ ይይዛል።

በዚህ ረገድ በአገራችን የቱሪዝም ሥራ አባት ተብለው የሚታወቁት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ያደረጉት ትምህርት ይሆነናል። ኢትዮጵያን ለውጭ ሰው ለማስተዋወቅ ሲያስቡ «ውብ አገር» አላሉም፤ ውብ አገር የማይል አገር የለምና። «የ13 ወር ጸጋ» አሉ። እንግሊዝኛውም ስለ 13 ወር ፀሐይ የሚናገር ነው። የሰማ ሁሉ «እንዴት 13 ወር?» ብሎ ይጠይቃል። ጳጉሜን ታውቃለች እንጂ እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ የለመድናት ተራ ነገር ናት። ለሌላው ግን ብርቅ ናት። አገሪቱ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ «ምድረ ቀደምት» በሚለው መጠሪያ ብትተዋወቅም፣ ያ የቀድሞው አነጋገር ከሰው አፍ አልጠፋም።

ነገሩ ከማርክ ያለፈ መሆኑንም እናቶች ልብ ይበሉ። በሐረር ጀጎል ቤታቸውን ለእንግዳ ማረፊያ ከፍተው የሚተዳደሩ ሴቶች አሉ። በላሊበላም፣ በዶርዜም ስለ አካባቢው በእንግሊዝኛ መናገር የእንጀራ ጉዳይ ነው። በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ጎብኚ ሲጠፋ በእነዚህ ከተሞች ስንት ቤት እንደተቸገረ የሚያውቀው ያውቀዋል። እንግዳው ሲመጣ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቀው አስጎብኚውን ብቻ አይደለም፤ ቡና የምታፈላለትንም ልጅ ነው። «ቬሪ ናይስ» ብላ የምትመልስና ወለሉ ለምን ቀይ እንደሆነ የምታስረዳ አንድ አይደሉም። ይህን ሥራ ደግሞ ለወንዶቹ ልጆች ብቻ የተፈቀደ የሚያስመስል ልማድ በአንዳንድ ቤት አለ። «እሷ ከፈረንጅ ጋር ምን ታወራለች» ይባላል። እኛ በዚህ አንስማማም።

ሌላው የሚያሳስበን፣ ልጁ የሚገልጸው ቤት እየጠፋ መሆኑ ነው። የሣር ክዳን በቆርቆሮ እየተተካ ነው። ቆርቆሮ አይጠላም፤ በየጊዜው ከመክደን ያሳርፋል፣ ሣሩም እንደ ድሮው አይገኝም። ሆኖም የክዳኑን አሠራር የሚያውቁት አያቶች ሲያልፉ ቃላቱም አብረዋቸው ይሄዳሉ። ማገር፣ ወጋግራ፣ ጉልላት፣ መደብ፣ ጓዳ የሚሉትን የከተማ ልጅ በአማርኛውም አያውቃቸውም። የማያውቀውን በእንግሊዝኛ ሊጽፍ አይችልም። አያት የሚናገሩት ኦሮምኛ፣ ጉራጊኛ ወይም ትግርኛ ከሆነ በዚያው ይንገሩት፤ ልጁ የሰማውን ስም በደብተሩ ዳር ይመዝግበው።

ወደ አገር ቤት ለመውሰድ አቅም ወይም ጊዜ የሌላት እናት በአዲስ አበባ አንድ ነገር ማድረግ ትችላለች። ስድስት ኪሎ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የልዩ ልዩ ሕዝቦቻችንን የቤት ዕቃና የአኗኗር ዘዴ ያሳያል። ልጁ እዚያ ሲገባ ደብተርና እርሳስ ይያዝ። ከሃምሳ ዕቃ ፊት እየሮጠ ከሚያልፍ ይልቅ ሁለት ዕቃ መርጦ ከፊታቸው ይቁም፤ ከምን እንደተሠሩ፣ ማን እንደሚሠራቸው፣ ለምን እንደሚያገለግሉ ያየውንና የጠየቀውን በሚያውቀው ቋንቋ ይጻፍ። የእንግሊዝኛውን ቃል ማታ ቤት ገብቶ ከመዝገበ ቃላት ይፈልገዋል።